ዦዜፍ ሞኒዬ፤ ብረትን በሲሚንቶ ውስጥ የሸሸገው አትክልተኛ

በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን የነገሥታትና የአርበኞች ታሪክ በብዛት ይጻፋል። ይህም ተገቢ ነው። እኛ የሰሜን ሸዋ ልጆች አንኮበርንና ደብረ ብርሃንን ይዘን ስለ ነገሥታት ሳንጽፍ ብንቀር ያስወቅሰናል። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁት ዘውድም ጋሻም ያልነበረው አንድ ፈረንሳዊ አትክልተኛ ነው። ስሙ ዦዜፍ ሞኒዬ ይባላል። በኤውሮፓ የሕንፃ ሥራ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስሙ የታወቀ ነው፤ በእኛ ከተማ ግን ከስሙ ይልቅ ሥራው ይታያል። በደብረ ብርሃን በመንገድ ዳር የሚቆሙት አዳዲስ ፎቆች ምሰሶዎቻቸው ገና ሳይሞሉ ወደ ሰማይ ቀጥ ብለው የሚታዩት ብረቶች የዚህ ሰው ሐሳብ ውጤት ናቸው። ግንበኞቻችን ብረቱን ፌሮ፣ ብረት የገባበትን ኮንክሪት ደግሞ አርማታ ይሉታል። ሁለቱም ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ ፌሮ ማለት ብረት፣ አርማታ ማለትም የታጠቀ እንደ ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። አባቴ ፌራዮ ነው። ፌሮ ቆርጦ፣ አጥፎና በሽቦ አስሮ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። ስለዚህ የምንበላው እንጀራ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ብዬ የዚህን ሰው ታሪክ ፈልጌ አነበብሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሞኒዬ ኖቬምበር 8 ቀን 1823 በደቡብ ፈረንሳይ ኡዜስ ከተባለች ከተማ አጠገብ በሚገኝ ሳን ካንቴን ላ ፖትሪ በሚባል መንደር ተወለደ። በዚያን ጊዜ በአንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ያስተዳድሩ ነበር። የመንደሩ ስም መጨረሻ የሸክላ ሥራ ማለት ነው፤ ነዋሪዎቹም በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። እንግዲህ ሞኒዬ በኋላ የሸክላን ቦታ የሚወስድ ዕቃ የሠራ ሰው ሆኖ ሳለ የተወለደው በሸክላ ሠሪዎች መካከል ነው። ወላጆቹ ግን ሸክላ ሠሪዎች አልነበሩም፤ የኡዜስ መስፍን በሚባለው ባለ ርስት መሬት ላይ አትክልት ይኰተኵቱ ነበር። ልጆቻቸውም 10 ነበሩ።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ሌሎቹ ፊደል ሲቈጥሩ ዦዜፍ ሳይማር ቀረ። የቀረውም ሰነፍ ስለ ነበረ አይደለም፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአትክልት ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ የቀና ስለ ሆነ አባቱ ከእርሻው ሊለየው አልፈቀደም። ይህን ሳነብ በእኛም አገር ከብት በደንብ የሚጠብቅ ልጅ ከትምህርት ቤት እንደሚቀር አስታወስሁ። ጐበዝ መሆን አንዳንድ ጊዜ ያስጐዳል።

ወጣቱ 17 ዓመት ያህል በሆነው ጊዜ መስፍኑ ሥራውን አይተው ወደ ፓሪስ ቤታቸው ወሰዱት። ሞኒዬ በፓሪስ ቀን ቀን አትክልት እየኰተኰተ፣ ማታ ማታ ትምህርት ቤት እየገባ ማንበብና መጻፍ ተማረ። በወላጆቻችን መካከል በማታ ትምህርት የተማሩ ብዙዎች ስለ አሉ ይህ ነገር ለእነሱ እንግዳ አይሆንባቸውም። በዚሁ ዘመን፣ ማለት ከ1839 እስከ 1843 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሮሼ ዴሪኩር የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ሁለት ጊዜ ወደ አንኮበር መጥቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። የእኛ ተራራና የሞኒዬ አገር በዚያ ዘመን ይተዋወቁ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞኒዬ መስፍኑን ተሰናብቶ በሉቭር ቤተ መንግሥት አጠገብ በሚገኘው በቱይልሪ የአትክልት ቦታ ተቀጠረ። ብዙም ሳይቈይ የብርቱካን ዛፎች ኀላፊ ሆነ። ብርቱካን ውርጭ አይወድም። የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጩ ባቄላችንን እንዴት እንደሚያቃጥለው ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በፓሪስ ዛፎቹ በትልልቅ ገንቦና ሣጥን ይተከሉና በክረምት ወደ መስታወት ቤት ይገባሉ፤ በበጋ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ችግሩ ዕቃው ነበር። የእንጨቱ ሣጥን በእርጥበት ይበሰብሳል። ሸክላው በመጓጓዝ ይሰበራል፤ የዛፉ ሥር ሲወፍርም ይሰነጥቀዋል።

ሞኒዬ ገንቦውን በሲሚንቶ ሞከረ። ሲሚንቶው አልበሰበሰም፤ ነገር ግን ተሰነጠቀ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሲሚንቶና ኮንክሪት ሲጫኑአቸው እጅግ ብርቱዎች ናቸው፤ ሲስቡአቸው ግን ደካሞች ናቸው። ሥሩ ከውስጥ ሲገፋ የገንቦው ግድግዳ ይሳባል፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ ሞኒዬ የብረት ሽቦ መረብ ሠርቶ በሲሚንቶው ውስጥ ቀበረ። መሳቡን ብረቱ፣ መጫኑን ሲሚንቶው ተካፈሉት። አባቶቻችን ቤት ሲሠሩ ጭቃውን በጭድ የሚያቦኩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭዱ ግን ሰብስቦ ይይዘዋል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሞኒዬ ጭዱን በብረት ለወጠው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ብረትን በሲሚንቶ ውስጥ በመክተት ሞኒዬ የመጀመሪያው ሰው አይደለም። ላምቦ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ከሽቦና ከሲሚንቶ ጀልባ ሠርቶ በ1855 በፓሪስ ኤግዚቢሽን አሳይቶ ነበር፤ በእንግሊዝ አገርም ዊልኪንሰን የሚባል ሰው በ1854 ለወለል ሥራ የሚሆን ተመሳሳይ ሐሳብ አስመዝግቦአል። ሞኒዬን ከእነሱ የለየው አንድ ነገር አግኝቶ አለማቆሙ ነው። ጁላይ 16 ቀን 1867 የአትክልት ገንቦውን በመንግሥት መዝገብ አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመትም በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አቀረበው። በ1868 ቧንቧና የውኃ ገንዳ፣ በ1869 ለቤት ግድግዳ የሚሆን ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ በ1873 ድልድይ፣ በ1878 ደግሞ የቤት ወራጅ አስመዘገበ። በገንቦ ጀምሮ ድልድይ ላይ ደረሰ ማለት ነው። በመካከሉ በ1870 በፈረንሳይና በፕሩስያ መካከል ጦርነት ተነሥቶ ፓሪስ ተከባ፣ ሕዝቡም ተርቦ ነበር።

ድልድዩ በ1875 ሻዝሌ በሚባል ቦታ፣ በአንድ ባለ ርስት ቤተ መንግሥት ዙሪያ ባለው የውኃ ጉድጓድ ላይ ተሠራ። ርዝመቱ 13 ሜትር ከ80፣ ስፋቱ 4 ሜትር ከ25 ነው። ብረት በታጠቀ ሲሚንቶ የተሠራ የመጀመሪያው ድልድይ ይህ ነው ይባላል። መደገፊያው የዛፍ ቅርንጫፍ እንዲመስል ሆኖ በሲሚንቶ ተቀርጾአል። ሰውየው መሐንዲስ ተብሎ እንኳ አትክልተኛነቱን አልረሳም።

ከዚህ ጥቂት ቈይቶ፣ በ1879፣ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ አንኮበር መጥቶ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ሥራ ጀመረ፤ በኋላም በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። ያን ጊዜ ከባሕር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በግመል ተጭኖ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ብረት በዚያ ዳገት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ምን ያህልም እንደሚወደድ አንኮበርን በእግሩ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

ሞኒዬ ሒሳብ አልተማረም። ብረቱ በየት በኩል መግባት እንዳለበት፣ ስንት ክብደት እንደሚችል በእጁ ልምድ እንጂ በስሌት አያውቅም ነበር። ስሌቱን ያወጡት ጀርመኖች ናቸው። ቫይስ የሚባል ጀርመናዊ ሥራ ተቋራጭ የሞኒዬን መብት በገንዘብ ገዛ፤ ኮነን የሚባለውም መሐንዲስ ብረቱ መቀመጥ ያለበት በሚሳበው ወገን፣ ማለት በወራጁ ከታች በኩል እንደ ሆነ በሒሳብ አስረዳ። በ1887 ቫይስ የሞኒዬን ዘዴ የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ሥራው በጀርመንና በኦስትርያ ተስፋፋ፤ እስከ ዛሬም በዚያ አገር የግንባታ ሠራተኞች ፌሮውን በሞኒዬ ስም ይጠሩታል። ሌሎች ሲበለጽጉ ግን የራሱ የሞኒዬ ድርጅት በ1888 ከሠረ። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ድርጅት ቢያቋቁምም እንደ ፊተኛው አልሆነለትም።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁት በብዙ መጻሕፍት የሚገኝ ነው። አሁን ግን ሞኒዬ ሊያውቀው ያልቻለውን፣ እኛንም ዛሬ የሚመለከተንን ነገር ልጻፍ። ይኸውም ዝገት ነው።

ሞኒዬ እንጨት ስለሚበሰብስ እንጨትን ትቶ በብረት ተጠቀመ። ብረትም በራሱ መንገድ ይበሰብሳል። በመጀመሪያ ዕድሉ የቀና ይመስላል፤ ሲሚንቶ በውስጡ ኖራ መሰል ጠባይ፣ በኬሚስትሪ ትምህርታችን አልካሊ የምንለው ነገር ስለ አለው፣ በብረቱ ላይ ዓይን የማያየው ቀጭን ሽፋን ፈጥሮ ከዝገት ይጠብቀዋል። ይህ ሽፋን ጠላቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ዓመት ከዓመት ቀስ እያለ ወደ ኮንክሪቱ ውስጥ ይገባና አልካሊውን ያጠፋዋል። ሁለተኛው ጨው ነው፤ እሱ ሳይዘገይ ሽፋኑን ይበሳዋል። ከዚያ በኋላ ውኃና አየር ካገኘ ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በፓሪስ የብርቱካኑ ሥር ገንቦውን እንደ ሰነጠቀው ማለት ነው። ሥሩን ለመከላከል የገባው ብረት ራሱ ሥር ሆነ።

በአንኮበር አጠገብ በዘመዶቼ ቀበሌ አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። ማን እንደ ሠራው መናገር አያስፈልግም። አባቴ ባለፈው ክረምት አብሮኝ ሄዶ አየው። ጭጋግ በማይለየው በዚያ ዳገት ላይ ግድግዳው ቡናማ እንባ ያነባል፤ ማዕዘኑ ተቀርፎ ፌሮው ወጥቶአል። አባቴ በጣቱ ለካው፤ ብረቱን የሸፈነው ኮንክሪት አንዲት ጣት እንኳ አይሞላም ነበር። ቢያንስ 3 እና 4 ሳንቲሜትር መሆን ይገባው ነበር። ፌሮውን በጥፍሩ ሲፍቀው እንደ ደረቀ ቅርፊት ረገፈ። ከዚያ ማጠራቀሚያ ብዙ ቤተ ሰብ ውኃ ይቀዳል፤ ልጆችም ከጥላው ሥር ይጫወታሉ። አባቴ በመንገድ ላይ ብዙ አልተናገረም። እሱ ያሰራቸው ብረቶች ሁሉ በግንብ ውስጥ ተሸሽገው የሚታዩት አይደሉምና፣ ስንቶቹ እንዲህ እንደ ሆኑ ያሰበ ይመስለኛል።

የጨውን ነገር ደግሞ ለእኛ ማስረዳት ቀላል ነው። በጥንት ጊዜ ከአሳል ሐይቅ ጨው በግመል ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይመጣ ነበር፤ አሞሌም እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ያ ጨው ዛሬም በቆላው አሸዋና ውኃ ውስጥ በየቦታው አለ። በጨዋማ አሸዋና ውኃ የተቦካ ኮንክሪት ጠላቱን በሆዱ ይዞ ይወለዳል።

ታዲያ በተራው ብረት ፈንታ ምን ይግባ? ሰዎች ብዙ ሞክረዋል። አንዳንዶቹ ፌሮውን እንደ ቈርቈሮ በዚንክ ነከሩት፤ ይህ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ሌሎች አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ኤፖክሲ ቀቡት። ይህኛው በአሜሪካ በሰፊው ተሠራበት፤ ነገር ግን በፍሎሪዳ ባሕር ላይ በተሠሩ ድልድዮች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቅቡ በተጫረበት ቦታ ዝገት ተገኘ። አባቴ ይህን ስነግረው አልተደነቀም። ብረት ከመኪና ሲወርድ እንዴት እንደሚወረወር ያውቃልና።

የማይዝገው ብረት፣ ለማንኪያና ለቢላዋ የምንጠቀምበት ዓይነት፣ ከሁሉም የተሻለ ታማኝ ሆኖ ተገኝቶአል። በሜክሲኮ አገር ፕሮግሬሶ በሚባል ወደብ ከ1937 እስከ 1941 ባለው ጊዜ በዚህ ብረት የተሠራ ረጅም የመርከብ መድረሻ አለ። ከ50 ዓመት በላይ በባሕር ጨው ውስጥ ከቆመ በኋላ ሲመረመር ደኅና ነበር፤ ከእሱ በኋላ በአጠገቡ በተራ ብረት የተሠራው ግን ፈርሶአል። ጉዳቱ ዋጋው ነው፤ ከተራው ፌሮ ብዙ እጥፍ ስለሚወደድ ለቀበሌ የውኃ ማጠራቀሚያ የሚገዛው የለም።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ከነጭራሹ ብረት ያልሆነው ነው። መስታወት ቀልጦ እንደ ጥጥ በቀጭኑ ይፈተላል፤ ክሩ በሙጫ ተነክሮ በአንድነት ሲጠነክር በትር ይሆናል። ይህ በትር ፈጽሞ አይዝግም። ክብደቱ የብረቱን ሩብ ያህል ነው፤ ሲስቡት ግን ከተራው ፌሮ ይበልጥ ይችላል። ከቀይ ባሕር ማዶ በሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን በሚባል ቦታ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የጎርፍ መውረጃ በዚህ በትር ተሠርቶአል።

ከመስታወት ሌላ ከጥቁር ድንጋይም ይፈተላል። አዎን፣ ባዛልት ከሚባለው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ቤታችንን ከምንገነባበት፣ ከአንኮበር ገደል ላይ ቁልቁል ከምናየው ዓይነት ድንጋይ! ድንጋዩ በ1,400 እና በ1,500 ዲግሪ ሙቀት መካከል ይቀልጥና በደቃቅ ቀዳዳዎች ይሳባል። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከምድር ሆድ እንደ እሳት ወንዝ ፈስሶ የረጋው ድንጋይ እንደ ገና ቀልጦ ክር ይሆናል ማለት ነው። በርግጥ ባዛልት ሁሉ ለዚህ አይሆንም፤ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች መጠን በቤተ ሙከራ መታወቅ አለበት። የኬሚስትሪ መምህራኖቻችን ይህን ጽሑፍ ካነበቡ ለክበባችን ጥሩ ሥራ ይመስለኛል።

ሆኖም ይህም በትር ያለ ነውር አይደለም። ብረት ከመበጠሱ በፊት ይለመጣል፤ ቤቱም እየተሰነጠቀ ሰውን ያስጠነቅቃል። የክሩ በትር ግን ሳይለመጥ በድንገት ይበጠሳል። በተጫነ ጊዜም ከብረት ይልቅ በአራት እጥፍ ያህል ይሳባል፤ ስለዚህ ወራጁ እንዳይሰግድ ብዙ በትር ይፈልጋል። በእሳት ቃጠሎ ሙጫው ይለሰልሳል። በሥራ ቦታም አይታጠፍም፤ መታጠፊያው ሁሉ በፋብሪካ ተሠርቶ መምጣት አለበት። አባቴ ከሁሉ አተኵሮ የሰማው ይህን የመጨረሻውን ነው። የማጠፊያ መሣሪያውን ተመለከተና የማሰሩ ሥራ እንደሚቀር ወይም እንደሚኖር ጠየቀኝ። ማሰሩ እንዳለ ነው ብዬ መለስሁለት።

እኔ እንደሚመስለኝ በደብረ ብርሃን ደረቅ ቦታ ለሚሠራ ለተራ ቤት ተራው ፌሮ ይበቃል፤ ሽፋኑ ሳይሰረቅ፣ ኮንክሪቱም በሚገባ ታሽቶና ውኃ ጠጥቶ ከተሠራ ዕድሜው ረጅም ነው። ለውኃ ማጠራቀሚያ፣ ለፍሳሽ ቦይ፣ ከአንኮበር በታች በአፋር ቆላ ለሚሠራ ድልድይ ግን የማይዝገውን መፈለግ የቅንጦት አይደለም። የበትሩን ዋጋ ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ያንኑ ግድግዳ እንደ ገና ሊሠራው ነው።

ወደ ሞኒዬ ልመለስና ልጨርስ። በሽምግልናው ዘመን በሐሳቡ የከበሩት ሌሎች ነበሩ፤ እሱ ግን በድህነት ይኖር ነበር። ማርች 13 ቀን 1906 በፓሪስ በ82 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ወር በእኛ አገር ልዑል ራስ መኰንን ቁልቢ ላይ ዐረፉ፤ የባቡሩ ሐዲድም ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ ብረት ከእንግዲህ በግመል ጀርባ ብቻ የሚመጣ ዕቃ አልነበረም። የሻዝሌው ድልድይ እስከ ዛሬ በቦታው አለ። ከውስጡ ያለው የ1875 ሽቦም እንደ ተሸሸገ ነው።